ካውንቲው እንደገና ይዋቀር ሲባል፦ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ረቂቁን እንዴት ታነባላችሁ

አሜሪካ ውስጥ የካውንቲ አወቃቀር ክርክር በተነሳ ቁጥር አንዱ ፓርቲ «ቅልጥፍና» ይላል፣ ሌላው «ሥልጣን ነጠቃ»። ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ግን ሁለቱም ቃላት የሉም። እዚያ የምታገኙት አጭር ጥያቄ ነው፤ ከጀርባው ደግሞ የቻርተር (የካውንቲው መተዳደሪያ ሕግ) ማሻሻያው ሙሉ ጽሑፍ አለ። መነበብ ያለበት እሱ ነው።

መጀመሪያ ግን ውሳኔው የማን እንደሆነ እወቁ። ቻርተር ያለው ካውንቲ አወቃቀሩን በነዋሪው ድምፅ መቀየር ይችላል፤ ቻርተር የሌለው አብዛኛውን ጊዜ የስቴቱን ምክር ቤት ደጅ ይጠናል። እንዲህ ባለው ካውንቲ ፊርማ ማሰባሰብ ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል። ቻርተር መኖሩም ሁልጊዜ ዋስትና አይሆንም። ቻርተር ያለው ማያሚ ዴድ ካውንቲ ሸሪፍ (የካውንቲው ፖሊስ አዛዥ) አይመርጥም ነበር፤ በ2018 የፍሎሪዳ ሕገ መንግሥት ሲሻሻል ግን የግድ እንዲመርጥ ተደረገና በ2024 መረጠ።

ሙሉ ጽሑፉን ከካውንቲው ምርጫ ቦርድ ወይም ከካውንስሉ (ከካውንቲው ምክር ቤት) ጽሕፈት ቤት ውሰዱ። በተለመደው አጻጻፍ የተሰረዘበት ቃል የሚወጣው ነው፣ የተሰመረበት ደግሞ የሚገባው። ብዙ ሰው አዲሱን ብቻ ያነባል፤ ጣጣው ያለው የሚወጣው ላይ ነው። የሎስ አንጀለስን ተመልከቱ። በኅዳር 2024 የጸደቀው «ሜዠር ጂ» የተባለ ማሻሻያ ሱፐርቫይዘሮቹን (እዚያ የካውንስል አባላት የሚጠሩበት ስም ነው) ከ5 ወደ 9 ያሳድጋል፣ የሚመረጥ የካውንቲ ኤግዚኪውቲቭም (ዋና አስተዳዳሪ) ይፈጥራል። ከወራት በኋላ በ2025 አንድ ነገር ተገኘ፦ በ2020 ሕዝቡ ያጸደቀው፣ ለማኅበረሰብ አገልግሎትና ከእስር ሌላ ለሆኑ አማራጮች ገንዘብ የሚመድበው «ሜዠር ጄ» ቻርተሩ ውስጥ በአግባቡ ሳይገባ ቀርቶ ስለነበር፣ አዲሱ ጽሑፍ በላዩ ላይ ሲተካ ማንም ሳያስበው የሚሽረው ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ረቂቁን ከአሁኑ ቻርተር ጋር ብቻ ማስተያየት አይበቃም። ከዚህ በፊት የጸደቁት ማሻሻያዎች በሙሉ ቻርተሩ ውስጥ መግባታቸውንም አንድ በአንድ አረጋግጡ። አሰልቺ ነው፤ ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ ሥራ የለም።

ቀጥሎ ወንበር ቁጠሩ። አምስት ወንበር ሁሉ በመላው ካውንቲ ድምፅ የሚመረጥ ከሆነ («አት ላርጅ» የሚባለው)፣ 60 በመቶ ደጋፊ ያለው ፓርቲ አምስቱንም ጠቅልሎ ሊወስድ ይችላል። በዲስትሪክት (ካውንቲው በሚከፋፈልባቸው የምርጫ አካባቢዎች) ከሆነ 40 በመቶ ያለው ወገን ሁለት ሊያገኝ ይችላል፤ ሊያገኝ የሚችለው ግን ደጋፊዎቹ አንድ አካባቢ ተሰባስበው ከኖሩ ነው። እኩል ተበታትነው ከኖሩ በዲስትሪክትም ባዶ እጁን ይወጣል። ስለዚህ በካውንቲ ደረጃ ሁሌ የሚሸነፈው ፓርቲ ዲስትሪክት ይፈልጋል፣ የሚያሸንፈው ደግሞ «ለመላው ካውንቲ የሚቆም ተወካይ ያስፈልጋል» ይላል። ቦታ ቢቀያየሩ ንግግራቸውንም ይቀያየራሉ፤ ብዙ አትፍረዱባቸው፣ ብቻ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩ።

ዲስትሪክቶቹ በሕዝብ ብዛት መቀራረብ አለባቸው። ቴክሳስ ውስጥ የሚድላንድ ካውንቲ አንዱ ዲስትሪክት 67,906 ሰው ሲኖረው ሌሎቹ ሦስቱ 852፣ 414 እና 828 ብቻ ነበራቸው፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1968 ይህ አይሆንም አለ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ከትልቁ ትንሹን ቀንሱ፣ ውጤቱን ለአማካዩ አካፍሉ። አማካዩ 100,000፣ ትልቁ 104,000፣ ትንሹ 97,000 ከሆነ ልዩነቱ 7 በመቶ ነው። ከ10 በመቶ በላይ የሆነ ካርታ ፍርድ ቤት ሲደርስ ማስረዳቱ የካውንቲው ሸክም ይሆናል።

የቬቶውን (ኤግዚኪውቲቩ የካውንስሉን ውሳኔ የሚያግድበትን) አንቀጽ በእርሳስና በወረቀት አንብቡት። ረቂቁ «ቬቶ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይሻራል» ካለ፣ በ9 ወንበር ካውንስል 6 ድምፅ ያስፈልጋል። 11 ሲሆን ስሌቱ 7.33 ስለሚመጣ ወደ 8 ከፍ ይላል። እንግዲህ በዘጠኙ ጊዜ የኤግዚኪውቲቩን ቬቶ ከመሻር ለማዳን 4 ሰው ያስፈልግ ነበር፤ በአሥራ አንዱም 4 ይበቃል። ሁለት ወንበር ተጨመረ፣ ለማገድ የሚያስፈልገው ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም። ስለ ውክልና የሚሟገቱት ሰዎች ይህን ሲያነሱ አይሰማም።

ከዚያ ከመመረጥ ወደ መሾም የሚሄዱትን ሹመቶች ፈልጉ። ኪንግ ካውንቲ (ዋሽንግተን) በ2020 ሸሪፉ በሹመት እንዲሆን ወሰነ። ካያሆጋ (ኦሃዮ) ከሙስና ምርመራ በኋላ በ2009 ካውንቲውን የሚያስተዳድሩትን ሦስት ኮሚሽነሮች በአንድ ኤግዚኪውቲቭና በ11 አባላት ካውንስል ተካ፤ የሒሳብ ኃላፊውን የመሳሰሉ የሚመረጡ ቦታዎችም አብረው ቀሩ። የሚሾም ኃላፊ ካለ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ማን ይሾመዋል፣ ማን ያጸድቃል፣ ማን ያነሳዋል። ሦስቱም አንድ ሰው እጅ ከገቡ ያ ሹመት ታማኝነትን እንጂ ብቃትን አይጠብቅም።

የፓርቲ ስም ከድምፅ መስጫው ይውጣ የሚል ሐሳብም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ኪንግ ካውንቲ ለኤግዚኪውቲቭና ለካውንስል ይህን በ2008 አድርጓል። ስሙ ይጠፋል እንጂ ፓርቲው አይጠፋም፤ ማን ማንን እንደደገፈ የማጣራቱ ሥራ ወደ መራጩ ይዞራል።

ሁለት ተቃራኒ ጥያቄዎች በአንድ ወረቀት ላይ ሲቀርቡ ተጠንቀቁ። በ2020 ሞንትጎመሪ ካውንቲ (ሜሪላንድ) ሁለት ጥያቄ ቀረበ፦ ካውንስሉ ያቀረበው «ጥያቄ ሲ» (7 ዲስትሪክት፣ 4 አት ላርጅ) እና በፊርማ የመጣው «ጥያቄ ዲ» (9ኙም በዲስትሪክት)። ሲ አለፈ፣ ዲ ወደቀ። እዚያ ፊርማ የሚሰበስብ ሰው 10,000 የተመዘገበ መራጭ ያስፈልገዋል፤ ከመራጭ መዝገቡ ጋር ያልገጠመ ፊርማ ሊወድቅ ስለሚችል ትርፍ መያዝ ግድ ነው። ሁለቱም ቢያልፉ የትኛው እንደሚጸና አስቀድማችሁ የምርጫ ቦርዱን ጠይቁ።

የሽግግር አንቀጹ አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው ሳይደርስበት ያቆማል። ለውጡ የሚጀምረው መቼ ነው? የአሁኖቹ ባለሥልጣናት የሥራ ዘመን ይቋረጣል ወይስ ይራዘማል? የሥራ ዘመን ገደቡ ያለፉትን ዓመታት ይቆጥራል? ሰው ስም ሳይጠራ አንድን ሰው ለማስወጣት ወይም ለማስቀረት የሚመቸው ይህ አንቀጽ ነው።

አስተያየት መስጠት ከፈለጋችሁ ጽሑፉ ለድምፅ መስጫ ከመቆለፉ በፊት ሂዱ። ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ስለሆነ አንድ አንቀጽ ብቻ ምረጡ፣ የአንቀጹን ቁጥር ጥሩ፣ «ይህ ቃል በዚህ ይተካ» በሉ። «እንቃወማለን» ብቻ ማለት መዝገብ ላይ ይገባል እንጂ ጽሑፉን አይነካም።

የፌዴራሉ የቋንቋ ድጋፍ ሕግ አማርኛን አያካትትም፤ ካውንቲው በራሱ ካልተረጎመ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ይመጣል። ማንበብ የሚቸግራቸው እናትና አባት ግን የመረጡትን ሰው ይዘው ድምፅ መስጫው ድረስ የመግባት መብት አላቸው፤ ልጅም ጎረቤትም ይሆናል፣ የማይፈቀደው አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ ነው።