ጎልማሳ ሆነው ብሬስ ለማሠራት ሲያስቡ፦ ውሳኔው እንዴት ይደረግ?

በ37 ዓመቴ ብሬስ፣ ማለትም በጥርስ ላይ ተጣብቆ በሽቦ ጥርስን ቀስ በቀስ እየገፋ የሚያስተካክል መሣሪያ፣ ለማሠራት ስነሣ መጀመሪያ የሄድሁበት ክሊኒክ አፌን አምስት ደቂቃ ላልሞላ ጊዜ አይቶ፣ ራጅ ሳያዝዝ፣ ድዴንም ሳይመረምር፣ በሚቀጥለው ሳምንት እንደሚጀምርልኝ ነግሮኝ ነበር። ልቤ ስላልተቀበለው ሌላ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ግን በመንጋጋዎቼ ዙሪያ ያለው ድድ መታመሙና ጥርሱን የያዘው አጥንት መሳሳት መጀመሩ ተነገረኝ፤ ድዱ ታክሞ እስኪድን አራት ወር ጠበቅሁ። ቸኩዬ ቢሆን ኖሮ ጥርሴን አስተካክላለሁ ስል ላጣው እችል ነበር። ይህን የምጽፈው እንደ እኔው ዕድሜያቸው ከገፋ በኋላ በአራት ኪሎ፣ በስታዲየም ወይም በሜክሲኮ ሲያልፉ የጥርስ ክሊኒኮችን ማስታወቂያ እያዩ ለሚያመነቱ ሰዎች ነው።

አስቀድመው ለራስዎ የሚመልሱት ጥያቄ «ያስቸገረኝ ምኑ ነው?» የሚለው ነው፤ መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ያስፍሩት። የታችኛው የፊት ጥርስ ተደራርቦ ቡርሽ አላስገባ ማለቱ፣ የላይኛው ገጥጦ ከንፈር አለመግጠሙ፣ የታችኛው ጥርስ ላንቃን እየወጋ ማቁሰሉ፣ ወይም በአንድ ወገን ብቻ ለማኘክ መገደድ ብሬስ ሊያቃልላቸው ከሚችላቸው ችግሮች መካከል ናቸው። መልክም ቢሆን ተራ ምክንያት አይደለም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ «ገጣጣ» እየተባለ ያደገ ሰው ሲስቅ አፉን በእጁ መሸፈኑን ለመተው መፈለጉ የሚያሳፍር ምኞት ሊባል አይገባም።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው ፍንጭት ነው። ፍንጭት በእኛ ዘንድ የውበት ምልክት ሆኖ የኖረ በመሆኑ፣ ለማኘክም ሆነ ለንግግር እንቅፋት ካልሆነብዎ፣ ሌሎቹ ጥርሶች ሲስተካከሉ እሱ ሳይነካ እንዲቀር መጠየቅ ይችላሉ፤ ፍላጎትዎን ከመጀመሪያው ካልተናገሩ ግን ሐኪሙ መዘጋት እንዳለበት ክፍተት አድርጎ ሊያቅደው ይችላል። ሁለተኛው ቀለም ነው። በስምጥ ሸለቆ፣ ለምሳሌ በወንጂና በዝዋይ አካባቢ፣ ፍሎራይድ የበዛበት ውኃ እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሊሆን ይችላል፤ ብሬስ ደግሞ የጥርስን ቦታ እንጂ ቀለሙን አይለውጥም። በዚህ ዓይነት ጥርስ ላይ የብሬሱ ማጣበቂያ በሚገባ ላይዝ ስለሚችልም የት እንዳደጉ ለሐኪሙ መንገር ጠቃሚ ነው።

«ዕድሜዬ አልፏል» የሚለው ሥጋት በአብዛኛው መሠረት የለውም። ጥርስ ከአጥንቱ ጋር በቀጥታ የተጣበቀ ሳይሆን በመካከላቸው ባለ ቀጭን ጅማት የተያዘ ነው፤ ሽቦው በቀስታ ሲገፋው በሚሄድበት ወገን ያለው አጥንት ቀስ በቀስ እየተበላ ቦታ ይለቃል፣ በተወው ወገን ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ይህ ሥራ በ15 ዓመትም በ55 ዓመትም ይካሄዳል፤ ፍጥነቱ ግን በወር 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ በግፊት ብዛት ሊጣደፍ አይችልም። በጎልማሳና በልጅ መካከል ትልቁ ልዩነት መንገጭላው ላይ ነው። የልጅ መንገጭላ ገና በማደግ ላይ ስለሆነ አቅጣጫ ማስያዝ ይቻላል፤ የጎልማሳው ግን አድጎ ስላበቃ፣ ችግሩ የመጣው ከመንገጭላዎቹ አለመመጣጠን ከሆነ ብሬስ ብቻውን ላይበቃና ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ይችላል። ስለዚህ «የእኔ ችግር የጥርስ ነው ወይስ የአጥንት?» ብለው በግልጽ ይጠይቁ።

ከብዙ ዓመት በፊት መንጋጋ ያስነቀሉ ከሆነ ይህንንም ማንሣት አለብዎ። ባዶ በቀረው ቦታ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ወደ ክፍተቱ ያዘነብላሉ፤ ብሬስ እነዚህን ቀና አድርጎ ለሰው ሠራሽ ጥርስ ቦታ ሊያዘጋጅ ይችላል። በአጥንት ውስጥ የሚተከለው ሰው ሠራሽ ጥርስ ከአጥንቱ ጋር ስለሚዋሐድ ከቦታው አይንቀሳቀስም፤ ሁለቱንም ለማሠራት ካሰቡ አብዛኛውን ጊዜ ብሬሱ የሚቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ተወስዶ መመርመር ያለበት ድድ ነው። ሲቦርሹ የሚደማ፣ ያበጠ ወይም ከጥርሱ የሸሸ ድድ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ ተቦርሾም የማይለቅ የአፍ ጠረን የበሽታ ምልክቶች ናቸው። ድዳቸውን የተነቀሱ ሰዎች፣ ንቅሳቱ መቅላቱን ስለሚሸፍነው፣ መድማቱንና ማበጡን ይበልጥ ሊከታተሉ ይገባል። ድዱ ታሞ ሳለ ጥርስ ቢገፋ የተበላው አጥንት በአግባቡ ሳይተካ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ጥርሱ ይላላል። ስለዚህ ጥርስ ማሳጠብ፣ የተቦረቦረውን ማስሞላት፣ አስፈላጊም ከሆነ ጥልቅ የድድ ሕክምና ማድረግ ከብሬስ በፊት የሚያልቁ ሥራዎች ናቸው። «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስን ያላላል» እያሉ የሚፈሩ ብዙ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ ጥርሱን ያላላው ግን በተጋገረው ቆሻሻ ሥር ሲካሄድ የቆየው የአጥንት መጥፋት ነው፣ እጥበቱ የገለጠው ያንን ነው። ሲጋራ የሚያጨሱ ከሆነ፣ ስኳር ካለብዎ፣ ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት የሚወስዱ ወይም ነፍሰ ጡር ከሆኑ፣ ባይጠየቁም ይናገሩ። ያልተቆጣጠሩት ስኳር ድድን ይጎዳል፤ አንዳንድ የአጥንት መድኃኒቶች ደግሞ የጥርስን እንቅስቃሴ ያዘገያሉ።

የሚያክምዎት ሰው በጥርስ ማስተካከል የሠለጠነ ኦርቶዶንቲስት መሆኑን ያረጋግጡ፤ የሙያ ፈቃዱን እንዲያሳይዎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ተገቢ የሆነ ምርመራ ሁሉንም ጥርስና መንገጭላ በአንድ ላይ የሚያሳይ ራጅ፣ ብዙ ጊዜም ከጎን የሚነሣ የራስ ራጅ፣ የጥርስ ቅርጽ ልክና ፎቶግራፍ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ጥርስ ይነቀል እንደሆነና ለምን እንደሚነቀል፣ ምንም ባይደረግ ምን እንደሚከተል፣ የጥርሶቹ ሥር ምን ያህል ሊያጥር እንደሚችል ይጠይቁ። የሥር ጫፍ በጥቂቱ ማጠር የሚታወቅ ጉዳት ነው፤ ይህን ሲጠየቅ «ምንም የለውም» ብሎ የሚያልፍ ሐኪም አያሳምነኝም። ለሁለተኛ አስተያየት የሚከፈለው የካርድ ገንዘብም የባከነ አይደለም።

ስለ ዓይነቱ ብዙ አልልም። የብረቱ ጠንካራና አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው የቀነሰ ነው፤ የጥርስ ቀለም ያለው ሴራሚክ ብዙም አይታይም፣ ነገር ግን ይበልጥ ተሰባሪ ነው። እንደ መስተዋት ጥርሱን የሚያሳየውና የሚወልቀው የፕላስቲክ ዓይነት በቀን ከ20 እስከ 22 ሰዓት አፍ ውስጥ መዋል ስላለበት፣ ቡና በየሰዓቱ ለሚጠጣና እያወለቀ ለሚረሳ ሰው አልመክረውም።

የጊዜውን ነገር ከቀን መቁጠሪያ ጋር አገናዝበው ይዩት። አብዛኛው የጎልማሳ ሕክምና ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በየአራት ወይም በየስድስት ሳምንቱም ቀጠሮ አለ። ለመጪው ጥር ሠርግ ያሰበ ሰው በመስከረም ቢጀምር ከነሽቦው ይሞሸራል። የዲቪ ዕጣ የወጣለት ወይም ለሥራ ወደ ውጭ ሊሄድ የተዘጋጀ ሰውም ባይጀምር እመርጣለሁ፤ በሌላ ሐኪም የተጀመረውን ለመቀጠል ፈቃደኛ የሚሆን ማግኘት አስቸጋሪ ነው፣ ክፍያውም እንደ አዲስ ሊጀምር ይችላል። ክሊኒኩን ከቤትዎ ይልቅ ከመሥሪያ ቤትዎ ወይም ከባቡሩ መስመር አጠገብ ይምረጡ፤ በምሳ ሰዓት በእግር የሚደረስበት ቀጠሮ አይቀርም፣ ታክሲ ሰልፍ የሚያስፈልገው ግን ከስድስተኛው ወር በኋላ መቅረት ይጀምራል። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ ቤቶች ሲነሡ እንዳየነው አንድ ክሊኒክ ሁለት ዓመት በአንድ ቦታ ላይቆይ ስለሚችል፣ የራጅዎንና የሕክምና ዕቅድዎን ቅጂ ቤትዎ ያስቀምጡ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ የመጀመሪያው ቀን ክፍያ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ብሬሱም ሽቦውም ከውጭ የሚገቡ ናቸው፤ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ የሚወሰን ስለሆነ፣ በመካከል ዋጋ ቢጨምር ማን እንደሚሸከመው በጽሑፍ ይስማሙ። በስምምነቱ ውስጥ ወርኃዊው ክትትል፣ የተሰበረውን መተካት፣ ብሬሱን ማውለቅና በመጨረሻ የሚሰጠው ሪቴነር (የተስተካከሉት ጥርሶች እንዳይመለሱ የሚይዝ መሣሪያ) መካተታቸውን አንድ በአንድ ያንብቡ። የመሥሪያ ቤት የጤና መድን ካለዎትም ይሸፍን እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ።

የዕለት ኑሮዎም ይለወጣል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና በጥርስ የሚጋጥ የበቆሎ እሸት ብሬሱን ይነቅሉታል፤ ሸንኮራ አገዳም እንደዚያው። ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ ደግሞ በብሬሱ ዙሪያ በቀላሉ የማይጠፋ ነጭ ጠባሳ ሊተው ይችላል። መፋቂያ የለመዱ ሰዎች በሽቦው ሥር ስለማይደርስ በትንንሽ ቡርሽ መተካት ይኖርባቸዋል። ሽቦው በተወጠረ ማግሥት ለሁለትና ሦስት ቀን ያማል፤ አንዳንዱ ማስታገሻ በባዶ ሆድ ስለማይወሰድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙም ሆኑ ረመዳንን የሚጾሙ ቀጠሯቸውን ከጾሙ በፊት ወይም በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል። ሽሮና ገንፎ ለእነዚያ ቀናት ተስማሚ ናቸው።

አቋራጮችን በተመለከተ አጥብቄ የምለው አለ። ክፍተት ለመዝጋት በገዛ እጅ ተራ ላስቲክ በሁለት ጥርስ ላይ ማሰር ላስቲኩን ወደ ሥሩ እያሾለከ ጤነኛ ጥርስ እስከ ማስወለቅ ያደርሳል። በሁለት ሳምንት ቀጥ ያለ ፈገግታ ለማግኘት ጤነኛ ጥርስን ሞርዶ ሽፋን ማልበስም የተሞረደው ዳግመኛ ስለማይመለስ፣ ሽፋኑም ዕድሜ ስላለው፣ ከብሬስ ጋር ተመሳሳይ አማራጭ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ብሬሱ ሲወልቅ ጥርሶቹ ወደ ነበሩበት ለመመለስ ይሞክራሉ፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቀንና ሌሊት፣ በኋላ ሌሊት ሌሊት ሪቴነር ማድረግ ይኖርብዎታል፣ ይህም ለዓመታት የሚዘልቅ ነው። ሪቴነር ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ምግብ ቤት ውስጥ በሶፍት ተጠቅልሎ ከትራፊ ጋር ሲነሣ ነው። ሳጥኑን ሁልጊዜ ቦርሳዎ ውስጥ ያኑሩት፤ የጥርስዎን የመጨረሻ ልክም ከክሊኒኩ ተቀብለው ያቆዩት፣ ቢጠፋብዎ ሌላ በቶሎ ይሠራልዎታል።