ዲስክ አልለቅም ያለ የውጭ ዲቪዲ ድራይቭ

ደሴ ላይ የተጠገነው ድራይቭ የራሱ አዳፕተር ያለው ትልቁ ዓይነት ነው። ቁልፉ ሲጫን ሞተሩ ዝዝ ይላል፣ ዲስኩ የሚቀመጥበት ትሪ ግን ንቅንቅ አይልም። ኮምፒውተሩ ላይ ኢጀክት (ዲስክ አውጣ) ሲባልም ያው ነው፤ ስለዚህ ችግሩ የፕሮግራም አይደለም።

መጀመሪያ ዲስኩን ማውጣት። ኃይሉን ነቅሎ ዲስኩ መሽከርከሩን እስኪያቆም መጠበቅ፤ አለዚያ ይጫራል። የወረቀት ክሊፕ አቃንቶ ከፊት ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ቀጥ አድርጎ ማስገባት። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ገብቶ ሲገታ ገፋ ይደረጋል፤ ትሪው ብቅ ሲል በእጅ ይሳባል።

ጥፋተኛው ትሪውን የሚያንቀሳቅሰው ትንሹ የጎማ ቀበቶ ነው፦ ላልቶ ይንሸራተታል። የደሴ ጠዋት ብርድ ደግሞ ጎማውን ያጠነክረዋል። ቀበቶውን በፒንሳ አውጥቶ፣ እሱንም የሚዞርባቸውን ፑሊዎችም (ትንንሽ መዘውሮች) በአልኮል በራሰ ጥጥ መጥረግ። የፈላ ውኃ ውስጥ 3 ደቂቃ ቢቆይ ትንሽ ይሰበሰባል፤ ይህ ግን ጊዜያዊ ነው፣ ተመልሶ ይላላል። ዘላቂው አዲስ ቀበቶ ነው። ቴፕ ጠጋኞች ዘንድ የካሴት ማጫወቻ ቀበቶ አይጠፋም፤ ከላላው ትንሽ ጠበብ ያለውን መምረጥ ነው። በጣም ከጠበበ ሞተሩን ያንቃል። ቅባት ቀበቶው ላይ ፈጽሞ አይነካም።

ቀጭኑ ባለ ዩኤስቢ ድራይቭ ቀበቶ የለውም፤ መቆለፊያውን የሚለቀው ኤሌክትሮማግኔት ነው። ዩኤስቢ 2.0 የሚሰጠው 500 ሚሊ አምፒር ብቻ ስለሆነ ኃይሉ ሊያንሰው ይችላል፤ ረጅም ገመድና ሃብ (የዩኤስቢ ማከፋፈያ) ነቅሎ በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ መሰካት ብዙ ጊዜ ይበቃል።