አዲስ የገዛችሁት ዕቃ እንቢ ሲል፦ ችግሩ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

አዲስ ቻርጀር፣ ፓወር ባንክ ወይም ኤርፖድ ገዝቶ ቤት ሲደርስ እንደጠበቀው ያልሠራለት ሰው ብዙ ነው። ደረሰኙ ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አርፎበታል። ዕቃው መሳቢያ ውስጥ ይወረወራል፤ ገንዘቡም ቀልጦ ይቀራል። ይሄ ነገር ያናድደኛል። አዳዲስ ዕቃዎችን ስፈትሽ «ተበላሽቷል» ከሚባሉት ብዙዎቹ ጤነኛ ሆነው ነው የማገኛቸው። ችግሩ ያለው አብሯቸው የተሰካው ነገር ላይ ነው። የቀሩት ደግሞ ከመጀመሪያውም የተጻፈባቸውን ያልሆኑ ናቸው።

ሁለቱን ለመለየት ብዙውን ጊዜ የዕቃውን ጀርባ ማንበብ ይበቃል። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ለሽያጭ ነው። እውነቱ ያለው በደቃቁ ጽሑፍ ውስጥ ነው። ካልታያችሁ በስልክ ፎቶ አንሱትና አጉሉት።

ደግሞም ስትፈትሹ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። መጀመሪያ ሶኬቱን፣ ቀጥሎ ኬብሉን፣ ከዚያ የቻርጀሩን ራስ። ሁሉንም አንድ ላይ ከቀየራችሁ ጥፋተኛው የቱ እንደሆነ አታውቁም።

«ፈጣን ቻርጀር ገዛሁ፤ ስልኬ ግን ይንቀራፈፋል»

ቻርጀሩ 45 ወይም 65 ዋት ይላል፤ ስልኩ ግን እንደ ድሮው ሰዓታት ይፈጃል። በጣም የተለመደው ቅሬታ ይሄ ነው።

ስልክና ቻርጀር ኃይል ከመቀባበላቸው በፊት ይደራደራሉ። ስልኩ የሚፈልገውን ቮልት ይጠይቃል። ቻርጀሩ ካለው ይሰጣል፤ ካልተግባቡ ወደ 5 ቮልት ይወርዳሉ፤ ይሄ ዝግታው ነው። ሳምሰንግ ስልኮች «ሱፐር ፋስት» የሚሉትን 25 ዋት የሚያገኙት ፒፒኤስ (PPS) የሚባለውን የመደራደሪያ አሠራር ከሚያውቅ ቻርጀር ነው። ኦፖ፣ ሪልሚና ዋንፕላስ ደግሞ የራሳቸው አሠራር ስላላቸው፣ ሙሉ ፍጥነታቸውን የምታዩት በገዛ ቻርጀራቸውና በገዛ ኬብላቸው ነው። ስለዚህ 65 ዋት የተባለ ቻርጀር አንዱ ስልክ ላይ ሲበር ሌላው ላይ ቢንቀራፈፍ ፎርጅድ ነው ማለት አይደለም። ለሳምሰንግ የምትገዙ ከሆነ ጀርባው ላይ «ፒፒኤስ» የሚል ፊደል ፈልጉ። ለአይፎን ፒዲ (PD) የሚል ባለ 20 ዋት ለዕለት ተዕለት ይበቃል።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ኬብሉ ነው፤ እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ተራ የታይፕ ሲ ኬብል እስከ 3 አምፒር ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ከዚያ በላይ እንዲያልፍ ኬብሉ ውስጥ «እኔ 5 አምፒር እችላለሁ» የሚል ትንሽ ቺፕ መኖር አለበት። የሳምሰንግ 45 ዋትና የላፕቶፕ 100 ዋት ያለዚህ ኬብል አይመጡም። ረጅምና ቀጭን ኬብል ደግሞ መንገድ ላይ ቮልት ያባክናል። ሁለት ሜትር ኬብል ለአልጋ ይመቻል፤ ፍጥነት ስትፈልጉ ግን አጭሩን ተጠቀሙ።

ሦስተኛው ብዙ ቀዳዳ ያለው ቻርጀር ነው። 65 ዋት የሚለው አንድ ዕቃ ብቻውን ሲሰካ ነው። ሁለተኛ ስልክ ስትሰኩ ኃይሉ ይከፈላል። እንዴት እንደሚከፈል ጀርባው ላይ ተጽፏል፤ አንዳንዱ 45 እና 20 ይላል። ሌላውን ነቅላችሁ ፍጥነቱ ከተመለሰ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ከ80 በመቶ በኋላ ቀርፈፍ ካለ ግን አትደንግጡ። የሊቲየም ባትሪ ሊሞላ ሲል የሚቀበለው ኃይል ሆን ተብሎ ይቀነሳል። ስልኩ ሲግልም እንደዚያው ነው። ወፍራም ከቨር ካለው አውልቁለት።

«ከካርቶኑ በወጣው ኬብል ይሞላል፤ በሌላው ግን ድርቅ ይላል»

የፂም መላጫ፣ ትንሽ የእጅ ባትሪ፣ ርካሽ ስፒከር። ሁሉም ታይፕ ሲ አላቸው። በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነው ኬብል ስትሰኳቸው ግን ምንም የለም። ባለቤቱ «ሞተ» ብሎ ይጥለዋል። እባካችሁ አትጣሉት።

ታይፕ ሲ ቀዳዳ ያለው ቻርጀር ከማዶ ዕቃ መኖሩን የሚነግር ምልክት ካላገኘ ኃይል አይለቅም። ምልክቱ የሚመጣው 5.1 ኪሎ ኦም ከሆኑ ሁለት ደቃቅ ሬዚስተሮች ነው። አንዳንድ አምራች ሳንቲም ለመቆጠብ እነሱን ይተዋቸዋል። ሰፊው የድሮ ዩኤስቢ ግን ሳይጠይቅ 5 ቮልት ይሰጣል። መፍትሄው እሱ ነው፦ አንዱ ጫፉ ሰፊው ዩኤስቢ፣ ሌላው ታይፕ ሲ የሆነ ኬብል። አንድ ለዚህ ብቻ አስቀምጡ።

የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ ችግርም አለ። ስልኩ በኬብሉ ቻርጅ ያደርጋል፤ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ ግን ፎቶ አይተላለፍም። ኬብሉ የዳታ ሽቦ የለውም ማለት ነው። አይጠገንም፤ ሌላ ኬብል ነው የሚያስፈልገው።

«50,000 የተባለው ፓወር ባንክ ስልኬን አንዴ ሞልቶ ያልቃል»

እዚህ ጋ ጊዜ መውሰድ እፈልጋለሁ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ፓወር ባንክ የቤት ዕቃ ሆኗል፤ የሚዋሽበትም እሱው ነው።

መጀመሪያ ሐቀኛውን እንይ። ካርቶኑ ላይ 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚለው ቁጥር የተለካው በውስጡ ባሉት ባትሪዎች ቮልት፣ ማለትም በ3.7 ነው። 20,000 ሚሊአምፒር ሰዓት 20 አምፒር ሰዓት ነው፤ በ3.7 ሲባዛ 74 ዋት ሰዓት ይመጣል፤ የሚይዘው ኃይል ይሄ ነው። ወደ ስልክ የሚወጣው ግን በ5 ቮልትና ከዚያ በላይ ነው፤ ሲለወጥም በሙቀት የሚባክን አለ። ስለዚህ ጥሩ አምራች ጀርባው ላይ «ሬትድ ካፓሲቲ» (Rated Capacity)፣ ማለትም በእርግጥ የሚወጣው መጠን፣ ብሎ 12,000 አካባቢ ይጽፋል። የ5,000 ስልክ ባትሪ ወደ 19 ዋት ሰዓት ይይዛል። ከብክነቱ ጋር ስታሰሉት ጤነኛ የ20,000 ፓወር ባንክ ስልኩን ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ጊዜ ይሞላል። አራት ጊዜ ካልሞላ ብላችሁ ከሻጩ ጋር አትጣሉ።

ውሸታሙን ደግሞ በእጃችሁ መዝኑት። እውነተኛ 20,000 ከ300 ግራም በላይ ይከብዳል፤ ባትሪዎቹ ብቻቸውን ያን ያህል ይመዝናሉ። 50,000 ቢሆን ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። መዳፍ ውስጥ የሚገባና ቀለል ያለ 50,000 የለም። ክብደቱን ለማምታታት አሸዋ ወይም ብረት የሚሞሉ ስላሉም ክብደት ብቻውን አይበቃም። «ሬትድ ካፓሲቲ» እና ዋት ሰዓት ጨርሶ ያልተጻፈበትን አትግዙ። ገዝታችሁት ቤት ካለ ደግሞ ፓወር ባንኩን ሙሉ አድርጋችሁ ከስልኩ 10 በመቶ ጀምሩና ስንት ጊዜ እንደሚሞላ ቁጠሩ። ለዚህ ጥገና የለውም፤ ወስዳችሁ መከራከር ብቻ ነው፤ የቆጠራችሁት ለክርክሩ ይጠቅማል።

ለመንገደኛም የሚሆን ነው። በአውሮፕላን ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ አይሄድም። እስከ 100 ዋት ሰዓት፣ ማለትም እስከ 27,000 አካባቢ፣ በመደበኛነት ይፈቀዳል። ከዚያ በላይ እስከ 160 የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። እውነተኛ 50,000 ቢኖር እንኳ 185 ስለሚሆን ከበር ይመለሳል። ጽሑፉ የጠፋበትንም ሊወስዱባችሁ ይችላሉ።

«ፓወር ባንኩ ኤርፖዴን እየሞላ በመሀል ይጠፋል»

አልተበላሸም። ኤርፖድና ስማርት ሰዓት የሚወስዱት ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ ፓወር ባንኩ «የተሰካ ነገር የለም» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ብዙ ሞዴሎች ቁልፋቸው ሁለት ጊዜ ሲነካ ወይም ተጭኖ ሲያዝ ለትንንሽ ዕቃ የሚሆን አሠራር ይከፍታሉ። ያ ከሌለው ስልካችሁንም አብራችሁ ሰኩ፤ ያኔ አይጠፋም።

«ቻርጅ ላይ ሳለ ስክሪኑ ራሱን ይነካል»

ስትጽፉ ፊደል ይዘላል፣ ያልነካችሁት ይከፈታል፤ ስትነቅሉት ይስተካከላል። ጥፋቱ የስልኩ አይደለም። ርካሽ ቻርጀር የሚያወጣው ኃይል የተጣራ ስላልሆነ ስክሪኑ ከጣታችሁ ጋር ያምታታዋል። በሌላ ቻርጀር ሞክሩ። ከተስተካከለ የድሮውን ጣሉት፤ ለልጅም ለሠራተኛም አትስጡት። ማጣሪያውን የቆጠበ አምራች 220 ቮልቱን ከስልኩ የሚለየውንም መከላከያ ቆጥቦ ሊሆን ይችላል።

የብረት አካል ያለው ላፕቶፕ በትንሹ የሚያሳክክ ንዝረት ቢያሰማችሁ ብዙ ጊዜ መሬት፣ ማለትም ኧርዝ፣ የሌለው ሶኬት ነው ምክንያቱ። ባለ ኧርዝ ሶኬትና ዲቫይደር ተጠቀሙ። ግልጽ አድርጎ ከነዘራችሁ ግን በዚያው ቻርጀሩን ነቅላችሁ አስወግዱ።

«ለዋይፋዩ ዩፒኤስ ገዛሁ፤ መብራት ሲጠፋ ግን ዋይፋዩም አብሮ ይጠፋል»

ትንንሾቹ የራውተር ዩፒኤሶች ጥሩ ዕቃ ናቸው። መብራት ሄዶ የልጁ ጥናት ወይም የእናንተ ሥራ ሳይቋረጥ ሲቀጥል ዋጋቸውን ታውቃላችሁ። ግን ሁለት ቁጥር መግጠም አለበት። የራውተሩን ቻርጀር አንብቡ፦ 9 ቮልት ነው 12 ቮልት? ባለ 12 ራውተርን ከ9 ብትሰኩት ደጋግሞ ይነሳል ወይም አይበራም። ባለ 9ኙን ከ12 ብትሰኩት ሊቃጠል ይችላል። ቀዳዳው ስለገባ ብቻ አትሰኩ።

ቀጥሎ አምፒሩ። ራውተሩ 1.5 ወይም 2 አምፒር የሚፈልግ ሆኖ ዩፒኤሱ 1 ብቻ ከሰጠ፣ ሰው ሲበዛበት ራውተሩ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ዩፒኤሱ ከራውተሩ እኩል ወይም የበለጠ አምፒር ይኑረው፤ የበለጠ ቢሆን ጉዳት የለውም። የፋይበር መስመር ካላችሁ ደግሞ ራውተሩና የፋይበሩ ሳጥን ሁለት ለየብቻ ከሆኑ ሁለቱም ኃይል ማግኘት አለባቸው። አንዱን ብቻ አብርቶ ኢንተርኔት መጠበቅ ከንቱ ነው።

ስንት ሰዓት ይቆያል? 8,800 የሚለው ወደ 32 ዋት ሰዓት ነው። 10 ዋት የሚወስድ ራውተር ላይ ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ያልቃል። «ሙሉ ቀን» የሚል ማስታወቂያ አትመኑ።

ኤርፖድ፦ አንዱ ጆሮ ዝም ሲል

ገና ከካርቶኑ ከወጣ፣ መሙያ ነጥቦቹ ላይ የተለጠፈችውን ትንሽ ላስቲክ ተመልከቱ። ብዙ አዲስ ኤርፖድ «አልሞላም» የሚለው እሷ ሳትላጥ ቀርታ ነው። ከቆየ ደግሞ ነጥቦቹን በደረቅ ጥጥ ጥረጉ። ያም ካልሆነ ስልኩ ላይ ስሙን አጥፉት፣ ሁለቱንም ቤታቸው መልሳችሁ ቁልፉን ተጭናችሁ ያዙ፣ እንደገና አገናኙ። ድምፁ ቀጭን ከሆነና ባስ ከሌለው የጆሮ ላስቲኩን መጠን ቀይሩ፤ ከጆሮ ጋር ካልገጠመ ባሱ ያመልጣል። ቪዲዮ ላይ ከንፈርና ድምፅ ከተለያዩ የድምፁን መዘግየት የሚቀንሰው ጌም ሞድ ካለው አብሩት።

ፍላሽና ሚሞሪ፦ ፋይሉ አለ፣ ግን አይከፈትም

64 ጊጋ ገዝታችሁ ኮምፒውተሩ 59.6 ካሳያችሁ አልተታለላችሁም፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው። አደገኛው ሌላ ነው። በ32 ጊጋ ዋጋ የሚሸጥ የ1 ቴራ ፍላሽ ውስጡ ጥቂት ጊጋ ብቻ ሆኖ፣ ትልቅ ቁጥር እንዲያሳይ የተነካካ ነው። ስትጭኑ ምንም አይልም። ሲሞላ በድሮው ላይ ይጽፋል ወይም አዲሱን ይጥለዋል። የሠርግ ቪዲዮ የጠፋበት ሰው ይህን የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማንም አይመልስለትም።

እንደገዛችሁ በትልልቅ ቪዲዮ አፋፉ ድረስ ሙሉት፣ ነቅላችሁ እንደገና ሰኩ፣ መጀመሪያና መጨረሻ የገቡትን ክፈቱ። በዊንዶውስ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው (H2testw) የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይህንኑ በራሱ ይሠራል። ከወደቀ ምንም ነገር አታስቀምጡበት።

ከአሜሪካ የመጣው ዕቃ ሲሰካ ተቃጠለ

ዘመድ በሻንጣው ይዞ የመጣውን ከመሰካታችሁ በፊት «ኢንፑት» የሚለውን መስመር አንብቡ። 100-240 ካለ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል፤ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው እንደዚህ ነው። 120 ብቻ ካለ ግን አትሰኩ። የፀጉር ማድረቂያና ብሌንደር ብዙ ጊዜ እንዲህ ናቸው። መቀየሪያው የሶኬቱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይለውጥም፤ የ120 ማሞቂያ 220 ላይ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ይስባል። ዋቱን የሚችል ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ ለ1,500 ዋት ማድረቂያ ግን ትራንስፎርመሩ ከባድና ውድ ነው። እዚሁ አዲስ መግዛት ይሻላል። ከዱባይ የመጣ ከሆነ ቮልቱ ከእኛው ጋር ስለሚስማማ የሶኬት መቀየሪያ ይበቃዋል።

ፓወር ባንኩ ካበጠ

መፍትሄ የለውም፤ ማቆም ብቻ ነው። ቻርጅ አታድርጉት፣ አትጫኑት፣ አትብሱት። ከአልጋና ከመጋረጃ አርቃችሁ ልጅ የማይደርስበት፣ ፀሐይ የማይመታው ደረቅ ቦታ አስቀምጡት። ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አይጣልም። ለቆራሌውም አትስጡት፤ ውስጡ ያለውን ብረት ፍለጋ በመዶሻ ሊከፍተው ይችላል፤ የተበሳ ሊቲየም ባትሪ ደግሞ እጁ ላይ ይነድዳል። ባትሪ የሚቀበል የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት ጠይቁና እስኪገኝ እዚያው ይቆይ።