ከክረምት በኋላ የመጀመሪያው የብስክሌት ውድድር፦ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ባሕር ዳር ላይ ብስክሌት መንዳት የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ ሆኖም በዘንባባዎቹ ሥር መመላለስና ክረምቱ እንደወጣ ከሌሎች አማተር ተወዳዳሪዎች ጋር ተሰልፎ መነሳት የተለያዩ ናቸው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን ችግሮች ብዙ ተወዳዳሪዎች «እግሬ ከዳኝ» ብለው ያልፏቸዋል፤ የአብዛኞቹ መነሻ ግን እግር አይደለም።

ችግር፦ ገና በመነሻው ትንፋሽ ያጥራል

በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ከቡድኑ የሚነጠል ተወዳዳሪ ክረምቱን በዝግታ ብቻ ሲነዳ የከረመ ወይም ሳያሟሙቅ የተሰለፈ ሊሆን ይችላል። ከውድድሩ በፊት ባሉት ሳምንታት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ በኃይል ነድቶ ያንኑ ያህል እያረፉ መደጋገም ሰውነትን ለፍጥነት ለውጥ ያዘጋጃል፤ የቤዛዊት ኮረብታ ዳገት ለዚህ ይመቻል። በዕለቱም 20 ደቂቃ ያህል ማሟሟቅና ከፊተኞቹ መካከል ሆኖ መነሳት ያስፈልጋል፤ መታጠፊያ ላይ የፊተኞቹ ጥቂት ፍሬን ሲይዙ የኋለኞቹ ሊቆሙ ይደርሳሉና፣ የተከፈተውን ርቀት ለመዝጋት በየጊዜው ከባድ ጉልበት ያወጣሉ።

ችግር፦ ከሰው ኋላ ተጠግቶ እየነዱም ድካሙ አይቀንስም

ይህ ከሁሉ የበለጠ ሰው የሚጥል ችግር ሲሆን፣ ምክንያቱ የጎን ነፋስ ነው። ቀን ላይ የብሱ ከሐይቁ ቀድሞ ስለሚሞቅ፣ ከረፋድ ጀምሮ ነፋስ ከጣና ወደ ዳርቻው ይነፍሳል። ዓባይን ተሻግሮ በሐሙሲት በኩል ወደ ወረታና ወደ ፎገራ ሜዳ ለሚነዳ ሰው ሐይቁ በስተግራ ስለሚሆን፣ ይህ ነፋስ የሚመታው ከግራ ነው። ነፋሱ ከፊት ሲሆን ከቀዳሚው ጎማ በቀጥታ ኋላ መሆን እስከ ሲሶ የሚደርስ ጉልበት ያተርፋል፤ ከግራ ሲመጣ ግን ከለላው ወደ ቀኝ ይሸሻልና፣ በቀጥታ ኋላ የሚሄደው ሰው ነፋሱን ራሱ ይጋፈጣል።

መፍትሄው ከቀዳሚው ኋላ ጥቂት ወደ ቀኝ ወጣ ብሎ በሰያፍ መሰለፍ ነው። የፊት ጎማ ከቀዳሚው የኋላ ጎማ ጎን ሲደርስ ትንሽ ንክኪ ስለሚጥል ርቀት መጠበቅ የግድ ነው። ሰያፉ ሰልፍ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ያልቃል፤ ቦታ ያጡት በጠርዙ ላይ አንድ በአንድ ተሰልፈው፣ ያለ ምንም ከለላ፣ ከቡድኑ እስኪነጠሉ ድረስ ይነዳሉ። ስለዚህ ሜዳው ከመጀመሩ በፊት ወደ ፊት መጠጋት ይገባል። ቦታ ከሞላ ደግሞ ጠርዙ ላይ ከመሟሟት፣ አራትና አምስት ሆኖ ከኋላ ሁለተኛ ሰልፍ መሥራት እጅግ ይሻላል (ይህን ሐሳብ የሚያነሳ ሰው በሕይወት ዘመኑ ወዳጅ ያፈራል)። የነፋሱን አቅጣጫ ቀድሞ ለማወቅ የባሕር ዛፉን ቅርንጫፍና የጎጆውን ጭስ ማየት ይበቃል። በመልስ ጉዞ ነፋሱ ከቀኝ ስለሚሆን ከለላው ወደ መንገዱ መሐል ይዞራል፤ መንገዱ ለመኪና ካልተዘጋ የመሐሉን መስመር ለከለላ ብሎ መሻገር ፈጽሞ አይገባም።

ችግር፦ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ጉልበት ድንገት ያልቃል

በጡንቻና በጉበት የተከማቸው ስኳር ሲሟጠጥ እንዲህ ይሆናል። በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፤ ሁለት መካከለኛ ሙዝ 50 ግራም ያህል ይሰጣሉ። በስኳር ቀጠን ተደርጎ የተበጠበጠ በሶም ጥሩ ነው፤ ሁለቱም የጾም ስለሆኑ የጽጌን ጾም የሚጾም ተወዳዳሪ አይቸገርም። መብላት የሚጀመረው ሳይራብ ነው።

ችግር፦ ሲረገጥ ካቴናው ይዘላል

ዝናብና ጭቃ የካቴናውን ማያያዣዎች ይበላሉ። በቀላሉ ለማረጋገጥ ከአንድ ፒን መሐል ተነስቶ፣ መነሻውን ሳይጨምር፣ እስከ 24ኛው ፒን መሐል በማስመሪያ ይለካል፦ አዲሱ 30.5 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ 30.65 ከደረሰ ካቴናው ይቀየር፤ 30.8 ካለፈ ጥርሶቹም አብረው ተበልተዋልና አዲሱ ካቴና ብቻውን መዝለሉን አይተውም። ይህ ሥራ ለውድድሩ ዋዜማ መቆየት የለበትም።

ችግር፦ ጎማ ተሠርቶ ወዲያው ይተነፍሳል

ጎሚስታው ካላማዳሪውን ለጥፎ ጎማው ውስጥ የቀረውን እሾህ ሳያወጣ ቀርቷል ማለት ነው። የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን መጥረግ ያስፈልጋል፤ እሾሁ ጨርቁን ይይዘዋል።