ለ2.5 ሜትር ርቀት ስንት ኢንች ቲቪ?
ጅማ ያለው ቤታችን ሳሎኑ ረዘም ያለ ነው፤ በ32 ኢንቹ ቲቪ ኳስ ስናይ ጥግ ላይ ያለችውን ውጤት ለማንበብ እናቴ ከሶፋው ትነሳ ነበር። መርካቶ ወርጄ ሌላ ከመግዛቴ በፊት ከሶፋው እስከ ቲቪው በሜትር ለካሁ። 2.5 ሜትር። የቲቪው መጠን የርቀቱ ግማሽ ያህል ቢሆን ጥሩ ነው፤ ስለዚህ ለ2 ሲካፈል 125 ሴንቲ፣ ማለትም 50 ኢንች አካባቢ (ኢንቹ የሚለካው በሰያፍ ነው፣ ወርዱን እንዳትለኩ)።

ባለሱቁ «ፎር ኬ ካልሆነ» (ምስሉ ከፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነጥብ ያለው) ብሎ ድርቅ አለ። ግን 50 ኢንችን ከ2 ሜትር በላይ ርቆ ለሚያይ ሰው ዓይን ፎር ኬን ከፉል ኤችዲ እምብዛም አይለይም፣ በዲሽ የምናያቸው አብዛኞቹ ቻናሎችም ፎር ኬ አይደሉም። ፉል ኤችዲውን ወሰድኩ፤ ጽሑፉ አሁን ቁልጭ ብሎ ይነበባል። በተረፈው ብር ስታብላይዘር ገዛሁ። ሶፋችሁ ከ1.5 ሜትር የሚቀርብ ከሆነ ግን ፎር ኬው ያዋጣል።