«ኤሊጂብል አይደላችሁም» ሲሏችሁ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አሜሪካ ዘመድ የሌለው ብሎክ ማግኘት ይከብዳል። አንዱ በዲቪ ሄዷል፣ አንዷን ባሏ ወስዷታል፣ ሌላውን ልጁ ስቦታል። እኔ ደግሞ ሜሪላንድ ኖሬ፣ እዚያም ስልክ መሸጫ ሱቅ ተቀጥሬ ሠርቼ የተመለስኩ ነኝ። ሰፈሩ ይህን ስለሚያውቅ ቡና ላይ የሚቀርብልኝ ጥያቄ አንድ ነው። «ልጄ ስልክ ሊቀይር ሄዶ ‹ኤሊጂብል አይደለህም›፣ ማለትም አይፈቀድልህም አሉት። ሥራ አለው፣ ገንዘብ አለው፣ ምን አጠፋ?»

ምንም አላጠፋም። ገና አሜሪካ የገባችሁም ሆናችሁ፣ ቪዛችሁ ተመትቶ እዚሁ ሻንጣ የምትመዝኑም ሆናችሁ፣ ነገሩን ቀድማችሁ ብታውቁት ከብዙ ንዴት ትተርፋላችሁ።

እኛ አገር ስልክ መግዛት ቀላል ነው። መገናኛ ወይም መርካቶ ትወርዳላችሁ፣ ትከራከራላችሁ፣ ትከፍላላችሁ፣ አለቀ። ሲሙ ሌላ ጉዳይ ነው። የኢትዮ ቴሌኮሙን አውጥታችሁ የሳፋሪኮሙን ብትከቱ ማንም አይጠይቃችሁም። አሜሪካ ግን ቬራይዘን፣ ኤቲ ኤንድ ቲ እና ቲ-ሞባይል፣ ሦስቱ ትልልቆች፣ ስልኩንና መስመሩን አስተሳስረው ነው የሚሸጡት። የስልኩ ዋጋ በ24 ወይም በ36 ወር ተከፋፍሎ ከወርሃዊው የመስመር ሒሳብ፣ ከቢሉ ጋር ይመጣል። ስለዚህ «ስልክ ልቀይር» ብላችሁ ስትገቡ ሻጩ ኮምፒውተሩ ላይ የሚያየው የብድር ጥያቄ ነው። ኪሳችሁ ውስጥ ስንት እንዳለ አያየውም። ያለባችሁን ዕዳና የከፈላችሁበትን ታሪክ ነው የሚያየው።

ከአገር ቤት ይዛችሁት ስለምትሄዱት ስልክ

ብዙ ሰው በገባ በሁለተኛው ቀን ስልክ ሱቅ የሚሮጠው ለቅንጦት አይደለም። ይዞት የሄደው ስልክ አልሠራ ስላለው ነው። የአሜሪካ ኩባንያዎች 3ጂን በ2022 ዘግተዋል። ከዚያ ወዲህ ጥሪ የሚሄደው በ4ጂና በ5ጂ ነው። ለአፍሪካ ገበያ የተሠሩ ብዙ ስልኮች ደግሞ እዚያ የሚያስፈልገውን ፍሪኩዌንሲ አይዙም፤ ቢይዙም ኩባንያው ከሚቀበላቸው ሞዴሎች ዝርዝር ውስጥ ላይገኙ ይችላሉ። ዋይፋይ ላይ ዋትስአፕና ቴሌግራም እንደ ልብ ይሠራል፣ ጥሪ ላይ ይለግማል። ከመሄዳችሁ በፊት *#06# ደውሉና አይኤምኢአይ የሚባለውን የስልኩን መለያ ቁጥር ያዙ። የኩባንያዎቹ ድረ ገጽ ላይ ቁጥሩን አስገብታችሁ ስልኩ ይሠራ አይሠራ እንደሆነ በነፃ ማየት ትችላላችሁ። እዚሁ ቁጭ ብላችሁ የምትጨርሱት ሥራ ነው።

ለምን ይከለክላሉ?

ለአዲስ ሰው ትልቁ ምክንያት ክሬዲት፣ ማለትም ዕዳን በወቅቱ የመክፈል ታሪክ ነው። ክሬዲት የሚታየው በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው፤ ሐበሻው በአጭሩ «ሶሻል» ይለዋል። በዲቪ የምትሄዱ የኢሚግራንት ቪዛ ፎርሙን ስትሞሉ ካርዱ ይላክልኝ ብላችሁ ከሆነ፣ በገባችሁ በሦስት ሳምንት ገደማ በፖስታ ይደርሳችኋል። ከዚያ በፊት ሱቅ ገብቶ በየወሩ የሚከፈል ስልክ መጠየቅ ጫማ መጨረስ ነው። ካርዱ ከደረሰ በኋላም ታሪካችሁ ባዶ ስለሆነ ዲፖዚት የሚሉትን ማስያዣ ወይም ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ። ሰው በዚህ ሲበሳጭ አይቻለሁ። ሰድበውኛል ብሎ የሚወጣም አለ። የባዶ ታሪክ ውጤት ነው፤ ስድብ አይደለም።

ቆየት ላለ ሰው ደግሞ ምክንያቱ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ስልክ ዕዳ አላለቀም። ወይም ቢሉ አንድ ወር አድሯል። ወይም አካውንቱ ከተፈቀደለት የብድር ጣሪያ ደርሷል። ይህ ጣሪያ ቢል ላይ ተጽፎ አይመጣም፤ ሱቅ ሄዳችሁ ሲከለክሏችሁ ነው የምትሰሙት።

«ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ሳላሳልፍ ከፍያለሁ» የሚለው ክርክር እምብዛም አይረዳም። እንዲያውም ጥሩ ጥሩው ቅናሽ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከሌላ ኩባንያ ለሚመጣ አዲስ ደንበኛ ነው። ነባሩ ደንበኛ እየከፈለ ቆሞ ያያል። ሻጭ ሆኜም ያናድደኝ ነበር፤ አሁንም ያናድደኛል።

የሰው አካውንት ውስጥ ስትገቡ

አብዛኛው ሐበሻ የሚጀምረው በዘመድ ፋሚሊ ፕላን፣ ማለትም ብዙ መስመር በአንድ ሰው አካውንት በሚያዝበት ውል ነው። ርካሽ ነው፣ ክሬዲት አይጠይቅም። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው።

እሠራበት በነበረው ሱቅ አንድ አባት መጡ። ጋዜጣ ላይ የወጣ ማስታወቂያ ቆርጠው፣ በአራት አጥፈው፣ ፓስፖርታቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። ዘርግተው ባንኮኒው ላይ አኖሩልኝና «ይሄን» አሉኝ። ከመምጣታቸው በፊት ደውለው ጠይቀዋል፤ ስልክ ያነሳው ሰው «ኤሊጂብል ነዎት» ብሏቸዋል። እኔ ስከፍተው መስመሩ የልጃቸው ነው። ባለቤቷ እሷ ናት፣ እሳቸው ተጠቃሚ ብቻ ናቸው። ምንም ልነካላቸው አልችልም። ልጃቸው የሌሊት ፈረቃ ሠርታ ተኝታለች። ሦስቴ ደወሉላት። በመጨረሻ አነሳች፣ በአፑ ፈቃድ ሰጠቻቸው። ተመስገን ብለን ስንቀጥል የአካውንቱ ጣሪያ ሞልቷል፤ ሁለቱ ወንድሞቿ ባለፈው ወር አዳዲስ ስልክ ወስደዋል። አባት ማስታወቂያቸውን መልሰው አጠፉት። «እዚያ ሲስተም የለም ይሉናል፤ እዚህ ሲስተሙ አለ፣ እሱው እምቢ ይላል» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

የሰው አካውንት ላይ ካላችሁ ከቤት ሳትወጡ ለባለቤቱ ደውሉ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ስሜን እንደ ማናጀር፣ አካውንቱን መንካት እንደሚፈቀድለት ሰው አስገብተኸዋል? በአካውንቱ ላይ ስንት ስልክ በዕዳ አለ? ያደረ ቢል አለ? መልሱን ሳታውቁ መሄድ ቀን መጣል ነው።

የቱ ሱቅ ነው የገባችሁት?

በሩ ላይ የኩባንያው ስም በትልቁ ይጻፋል። ከሥር ግን በትንሹ «ኦቶራይዝድ ሪቴይለር» የሚል ካለበት ሱቁ የኩባንያው አይደለም። በኩባንያው ስም የሚነግድ ሌላ ነጋዴ ነው። የራሱ ተጨማሪ ክፍያና የራሱ የመመለሻ ደንብ ሊኖረው ይችላል። አቤት ስትሉ ዋናው ኩባንያ «እዚያው ሱቅ ሂዱ» ይላል፤ ሱቁ ደግሞ «ለኩባንያው ደውሉ» ይላል። ኳስ ትሆናላችሁ። እኔ የሠራሁት እንዲህ ያለ ሱቅ ውስጥ ነው። የምንኖረው በኮሚሽን ነበር። ሻጩ ኢንሹራንስ፣ ቻርጀር፣ የስክሪን መከላከያና ታብሌት አንድ ላይ ሲያቀርብላችሁ ስለወደዳችሁ እንዳይመስላችሁ። ታብሌቱ «ነፃ» ቢሆንም የራሱ መስመር አለው፤ መስመሩ በየወሩ ያስከፍላል።

ከመፈረማችሁ በፊት «ዛሬ ስንት እከፍላለሁ? የሚቀጥለው ወር ቢል ስንት ይሆናል?» ብላችሁ በወረቀት አጽፉ። በስልክ ወይም በቻት ቃል የተገባላችሁ ነገር ካለ ስክሪንሾት አንሡ። ቃል የገባው ሰው ነገ አይገኝም።

«ነፃ» የሚሉት ስልክ

እዚህ ላይ እርሳስ ያዙ። ስልኩ 900 ዶላር ነው እንበል። በ36 ወር ሲካፈል በወር 25 ዶላር ይሆናል። ኩባንያው በየወሩ 25 ዶላር ይጽፍባችሁና መልሶ 25 ዶላር ከቢሉ ይቀንስላችኋል፤ ይህንን ቅናሽም ክሬዲት ይሉታል። ስልኩ ነፃ ሆነ ማለት ነው፣ 36 ወሩን ሙሉ እዚያው ከቆያችሁ። በ12ኛው ወር ሥራ አግኝታችሁ ሌላ ስቴት ብትሄዱ፣ እዚያ ኔትወርኩ ደካማ ሆኖ ኩባንያ ብትቀይሩ፣ ክሬዲቱ ይቆማል። የቀረው 24 ወር ሲባዛ በ25፣ ማለትም 600 ዶላር፣ በአንድ ጊዜ ይመጣባችኋል። ብዙ ሰው «አጭበረበሩኝ» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ነገሩ ግን ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ችግሩ ማንም ውሉን ጮክ ብሎ አያነብላችሁም።

በዚያ ላይ ታክሱ አለ። በብዙ ስቴቶች ታክስ የሚቆረጠው ከሙሉ ዋጋው ነው። ሜሪላንድ 6 በመቶ ነው፤ የ900 ዶላሩ ስልክ 54 ዶላር በሩ ላይ ያስከፍላል። ማስከፈቻ ወይም መቀየሪያ የሚሉት ክፍያ ደግሞ 35 ዶላርና ከዚያ በላይ ነው። ቅናሹን ለማግኘት ውድ ፕላን ውሰዱ ካሏችሁም አስሉ። በወር 20 ዶላር ጭማሪ በ36 ወር 720 ዶላር ነው። በነፃ ያገኛችሁት ስልክ ዋጋው መጣ።

በተለይ መስከረም ላይ ተጠንቀቁ። አፕል አዲሱን አይፎን አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው በእኛው እንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ሱቁ ይጨናነቃል፣ ሻጩ ይጣደፋል፣ ማስታወቂያው ይጮኻል። ለአዲስ ዓመት ራሴን ልሸልም ያለ ሐበሻ ሁሉ ሰልፍ ላይ ነው። ጥቂት ሳምንት ብትታገሡ የባለፈው ዓመት ሞዴል ዋጋው ይወርዳል።

እኔ ብሆን

በመጀመሪያው ዓመት ከማንም ጋር አልታሰርም። አንሎክድ የሆነ፣ ማለትም የማንኛውንም ኩባንያ ሲም የሚቀበል፣ ያገለገለ ግን ንጹሕ ስልክ በጥሬ ገንዘብ እገዛለሁ። መስመሩን ቅድመ ክፍያ አደርገዋለሁ። ሜትሮና ሚንት በቲ-ሞባይል ኔትወርክ፣ ክሪኬት በኤቲ ኤንድ ቲ፣ ቪዚብል በቬራይዘን ይሠራሉ። ክሬዲት አይጠይቁም። ኔትወርኩ ሰፈራችሁ ካልሳበ በወሩ ትቀይራላችሁ። ስትቀይሩ ቁጥራችሁን ይዛችሁ መሄድ መብታችሁ ነው፤ የአካውንት ቁጥርና ትራንስፈር ፒን የሚሉትን የማዛወሪያ ምስጢር ቁጥር ጠይቁ። አሮጌውን መስመር ግን ቀድማችሁ አትዝጉ፤ ቁጥሩ ይጠፋል። ባንኩም፣ የሥራ ማመልከቻውም፣ የልጆች ትምህርት ቤትም የያዙት ያንን ቁጥር ነው።

ተበድያለሁ ካላችሁና ሱቁም ኩባንያውም ካልሰሟችሁ ኤፍሲሲ የሚባለው የፌዴራል የመገናኛ ኮሚሽን አለ። ድረ ገጹ ላይ አቤቱታ ማስገባት ነፃ ነው። ኮሚሽኑ አቤቱታውን ለኩባንያው ይመራዋል፤ ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መልስ መስጠት አለበት። ጠበቃ አያስፈልግም። ሱቅ ውስጥ ድምፅ ከፍ ከማድረግ ይህ በብዙ ይሻላል፤ የሚመልስላችሁም ከሻጩ ከፍ ያለ ሰው ነው።

ስልክ ላክልን ሲሏችሁ

ይህ መምጣቱ አይቀርም። እንዲያውም አንዳንዱ ሰው ስልክ ልቀይር የሚለው አሮጌውን ለእናቱ ሊልክ ነው። ታክሲ ተራው አጠገብ ባለችው ኮንቴይነር ስልክ የሚጠግን ልጅ አለ። በቀደም አንዲት እናት ከዳላስ የመጣ አይፎን ይዘው መጡ። ልጁ ስልኩን ገለበጠ፣ ጎኑን ዳሰሰ፣ መርፌውን ይዞ የሲም ማስገቢያ ፈለገ። የለም። በአሜሪካ የሚሸጡት ከአይፎን 14 ጀምሮ ያሉት የሲም ቀዳዳ የላቸውም፣ በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ በተሠራ ካርድ አልባ ሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። ኢትዮ ቴሌኮም ኢሲም አለው፤ ሴትዮዋም ማእከሉ ሄደው ማስቀየር ይችሉ ነበር። ልጁ ሴቲንግ ውስጥ ሲገባ ግን ስልኩ ሎክ ነው፤ የሌላ ኩባንያ መስመር አይቀበልም። ዳላስ ያለው ልጃቸው ዕዳውን ገና አልጨረሰም። «የሳሎን ጌጥ ነው እንግዲህ» አላቸው። ሳቁ፤ ደስ ያላቸው ግን አይመስለኝም።

ሎክ የሆነ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው ዕዳው ተከፍሎ ሲያልቅ ነው። ከዚያም በላይ ኤቲ ኤንድ ቲ 60 ቀን፣ ቲ-ሞባይል 40 ቀን አገልግሎት ላይ መቆየቱን ይጠይቃሉ። ለእረፍት ስትመጡም ያው ነው፤ ሎክ በሆነ ስልክ የአገር ቤት መስመር ማስገባት አትችሉም፣ ሮሚንግ ትከፍላላችሁ። አይፎን ከሆነ ሴቲንግስ፣ ጄኔራል፣ አባውት ግቡ። ካሪየር ሎክ በሚለው ፊት ለፊት «ኖ ሲም ሪስትሪክሽንስ» ካለ ክፍት ነው። ከመላካችሁ በፊት ከአይክላውድ አካውንታችሁም ውጡ፣ አለዚያ እዚህ ማንም አይከፍተውም። ዕዳ ላይ ያለ ስልክ ልካችሁ ክፍያ ማቋረጥን ደግሞ አታስቡት። ስልኩ በአይኤምኢአይ ሊታገድ ይችላል፤ ያልተከፈለው ገንዘብም ገና ያልተገነባውን ክሬዲታችሁን ይዞ ይወድቃል።

ይህ ሁሉ ከባድ ከሆነባችሁ ገንዘቡን ላኩላቸው። መገናኛ ሄደው፣ የራሳቸውን ሲም ከተው፣ ደውለው ሞክረው ይገዛሉ።