ለሊኑክስ የሚሆን ትንሽና ጸጥ ያለ ኮምፒውተር እንዴት ይመረጣል?

ኮምፒውተር የሚጮኸው ስለሚሞቅ ነው። ሃርድ ዲስክን ለጊዜው ከተውነው፣ ከሳጥኑ የሚወጣው ድምፅ በአብዛኛው የፋን ድምፅ ሲሆን ፋኑም የሚዞረው ፕሮሰሰሩና ሌሎቹ ክፍሎች ወደ ሙቀት የቀየሩትን ኤሌክትሪክ ወደ ውጭ ለመግፋት ነው። ስለዚህ ጸጥ ያለ ማሽን የሚፈልግ ሰው ዋጋም ሆነ መልክ ከማየቱ በፊት «ይህ ዕቃ ስንት ዋት ሙቀት ያወጣል?» ብሎ ቢጀምር የቀረው ምርጫ በራሱ መስመር ይይዛል። ብዙዎች ግን ቅደም ተከተሉን ይገለብጡታል፤ መጀመሪያ ኃይለኛ ፕሮሰሰር ይመርጣሉ፣ ቀጥለው ትንሽ ኬዝ ይወስዳሉ፣ መጨረሻ ላይ ያን ሁሉ ሙቀት በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ ያለ ድምፅ የሚያበርድ ፋን ሲፈልጉ ያጡታል፤ እንዲህ ያለ ፋን የለምና።

ቀጥሎ ሥራውን መለየት ያስፈልጋል። ፋይል የሚያስቀምጥ፣ የሌሎች ማሽኖችን መጠባበቂያ ቅጂ የሚቀበል ወይም ሙዚቃ የሚያጫውት ኮምፒውተር ከቀኑ 24 ሰዓት አብዛኛውን ሥራ ፈትቶ ያሳልፋል፤ ለእንዲህ ያለው ማሽን ከከፍተኛ ፍጥነቱ ይልቅ ሥራ ሲፈታ የሚወስደው ዋት ይበልጥ ወሳኝ ነው። ሳያቋርጥ 8 ዋት የሚወስድ ማሽን በዓመት 70 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲፈጅ 40 ዋት የሚወስድ አሮጌ ዴስክቶፕ 350 ገደማ ይፈጃል። ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ድረ ገጽ ለማየትና ፊልም ለመመልከት የሚሆን የጠረጴዛ ኮምፒውተርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። በየቀኑ ትልልቅ ፕሮግራሞችን ኮምፓይል የሚያደርግ፣ በርካታ ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስነሳ ወይም ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ግን ማሽኑን ለረጅም ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ስለሚያሠራው ፋን የሌለው ሳጥን አይበጀውም፤ ለእሱ የሚሻለው ትልቅና ቀስ ብሎ የሚዞር ፋን ነው።

ዋቱን በትክክል ማንበብ

በፕሮሰሰር መግለጫ ላይ ቲዲፒ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ጥሩ መነሻ ቢሆንም ሁሉን አይናገርም። አምራቹ ለማቀዝቀዣው ንድፍ መነሻ እንዲሆን ያስቀመጠው ቁጥር ስለሆነ ፕሮሰሰሩ ለአጭር ጊዜ ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። በ2023 ለገበያ የቀረበውን የኢንቴል ኤን100 እንውሰድ። 4 ኮር (የስሌት ክፍል) አለው፤ ቲዲፒው 6 ዋት ነው፤ ኤቪ1 የተባለውን አዲስ የቪዲዮ ዓይነት ሳይቀር በሃርድዌር ይፈታል። ነገር ግን የሳጥን አምራቾች በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ ቀድሞ በሚሠራው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ፕሮግራም) ውስጥ የኃይል ገደቡን እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፍላጎት ስለሚያስቀምጡት፣ በአንዱ ሳጥን ውስጥ ጸጥ ብሎ የሚሠራው ፕሮሰሰር በሌላው ውስጥ ፋኑን ሲያስጮኽ ይገኛል። በመሆኑም ከመግዛትዎ በፊት ባዮሱ ይህን ገደብ ለመቀየር የሚፈቅድ መሆኑን ያጣሩ። ገደቡን ጥቂት ዋት ዝቅ ማድረግ በዕለት ተዕለት ሥራ ላይ እምብዛም የማይታወቅ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ጆሮ ግን ልዩነቱን ወዲያው ይለየዋል።

በግምት ለመነጋገር ያህል፣ እስከ 10 ዋት የሚያወጣ ፕሮሰሰር መዳፍ በምታክል የአሉሚኒየም ሳጥን ውስጥ ያለ ፋን ሊኖር ይችላል። 15 ዋት ሲሆን ሳጥኑ ራሱ ክንፍ ክንፍ ያለው ማቀዝቀዣ መሆን አለበት። 35 ዋትን ያለ ፋን ለማብረድ ከባድና ረጃጅም ክንፎች ያሉት ኬዝ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ፋኑን መቀበልና በጥንቃቄ መምረጥ ይሻላል።

ያገለገሉ የቢሮ ማሽኖች

በእኔ አስተያየት ለአብዛኛው ሰው የሚበጀው መንገድ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ሚኒ ኮምፒውተር ነው። የሌኖቮ ቲንክሴንተር ታይኒ፣ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ማይክሮና የኤችፒ ኤሊትዴስክ ሚኒ ሁሉም ይዘታቸው አንድ ሊትር ገደማ ሲሆን ብዙውን ጊዜ በስማቸው መጨረሻ ላይ «ቲ» የሚል ፊደል ያለባቸውን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ይይዛሉ። ይህች ፊደል ትልቅ ትርጉም አላት። በ2018 የወጣው ኮር አይ5-8500 ቲዲፒው 65 ዋት ሲሆን አይ5-8500ቲ ደግሞ 35 ዋት ነው፤ ሁለቱም 6 ኮር አላቸው፤ የሚለያዩት በፍጥነት ነው፣ የመጀመሪያው መነሻ ፍጥነት 3.0 ጊጋኸርዝ፣ የሁለተኛው 2.1። እነዚህ ማሽኖች ፓወር ሰፕላያቸው እንደ ላፕቶፕ ከውጭ ባለ አዳፕተር በመሆኑ አንድ ፋን ከወዲሁ ቀንሰዋል፤ ለብዙ ዓመታት በብዙ እጅ ስለተሞከሩም ሊኑክስ በደንብ ያውቃቸዋል።

ሲገዙ ሁለት ነገሮችን አይርሱ። አንደኛ፣ ባዮሱ በይለፍ ቃል አለመቆለፉን ሻጩ ፊት አስነስተው ይመልከቱ። ሁለተኛ፣ አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከእነዚህ ማሽኖች አንዳንዶቹ የተሰካላቸውን አዳፕተር ስለሚለዩ ዋቱ ያነሰ ወይም የማያውቁት ሲሆን ፕሮሰሰሩን በዝግታ ያስሮጡታል፣ ባለቤቱም ማሽኑ ያረጀ ይመስለዋል።

ያገለገለ ማሽን ሲጮኽ ደግሞ ፋኑን ከመቀየር በፊት መክፈት ይገባል። እኔ ዘንድ ያለው የመጀመሪያው ሚኒ በየጥቂት ሰከንዱ ድምፁን ከፍ ዝቅ እያደረገ እንቅልፍ ይነሳ ነበር። ክዳኑን ሳነሳ በፋኑና በማቀዝቀዣው ክንፎች መካከል አቧራ ተጋግሮ እንደ ብርድ ልብስ ወፍሮ አገኘሁት፤ ማቀዝቀዣውን ስፈታው ደግሞ በፕሮሰሰሩ ላይ የተቀባው የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈር ነበር። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አወጣሁ፣ የደረቀውን ቅባት በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ጠርጌ የአተር ፍሬ የምታክል አዲስ ቅባት መሃል ላይ አድርጌ መለስኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፋኑ የሚሰማው ጆሮዬን ሳስጠጋ ብቻ ነው። የማቀዝቀዣውን ብሎኖች ሲመልሱ አንዱን እስከ መጨረሻ ሳያጠብቁ በዲያጎናል ተራ በተራ፣ ጥቂት ጥቂት እያደረጉ ማጥበቅ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ማቀዝቀዣው አዘንብሎ ይቀመጥና ልፋቱ ከንቱ ይሆናል።

ራስዎ የሚገጣጥሙ ከሆነ

ለዚህ የሚመረጠው ማዘርቦርድ ሚኒ አይቲኤክስ የሚባለው፣ ጎንና ጎኑ 17 ሴንቲሜትር የሆነው ነው። እዚህ ላይ ስለ ፋን አንድ የፊዚክስ ነገር ማወቅ ብዙ ገንዘብ ያድናል። የፋን ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ የሚገፋው አየርም በግማሽ ይቀንሳል፤ ድምፁ ግን በ15 ዴሲቤል ገደማ ይወርዳል። የሰው ጆሮ ደግሞ 10 ዴሲቤል የቀነሰን ድምፅ ግማሽ እንደሆነ አድርጎ ነው የሚሰማው። ከዚህ የተነሣ 12 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ፋን በዝግታ ዞሮ የሚያስተላልፈውን አየር ለማስተላለፍ 4 ሴንቲሜትር የሆነችው ፋን እየጮኸች መሽከርከር ይኖርባታል፤ ድምፅዋም ቀጭንና የሚያሰለች ነው። ስለዚህ ቢያንስ አንድ ባለ 12 ሴንቲሜትር ፋን የሚይዝ ኬዝ ይምረጡ፤ በይዘት ሁለት ሦስት ሊትር መጨመሩ ከሚያሳጣው ቦታ ይልቅ የሚሰጠው ጸጥታ ይበልጣል። የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ከመግዛትዎ በፊትም ኬዙ የሚፈቅደውን ከፍታ በሚሊሜትር ይለኩ።

ፋኑ ባለ 4 ሽቦ ይሁን፤ አራተኛው ሽቦ ማዘርቦርዱ ፍጥነቱን በትክክል እንዲቆጣጠር ያስችለዋል። ባዮስ ውስጥ ሲገቡ ከዝቅተኛ ፍጥነት ይልቅ እርጋታን ይፈልጉ። ወጥ ሆኖ የሚሰማን ድምፅ ጆሮ ቶሎ ይለምደዋል፤ የሚነሣና የሚወርድን ድምፅ ግን በየጊዜው እንደ አዲስ ይሰማዋል። የሙቀት መጠኑ እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ፋኑ በአንድ ዝቅተኛ ፍጥነት እንዲዞር፣ ከዚያ በኋላ ቀስ እያለ እንዲጨምር፣ ለውጡም ከጥቂት ሰከንድ መዘግየት በኋላ እንዲሆን ካደረጉት፣ አንድ ድረ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ፋኑ አይደነግጥም።

ፓወር ሰፕላይ ላይ ከመጠን በላይ ትልቅ መግዛት የተለመደ ስሕተት ነው። 20 ዋት ለሚወስድ ማሽን የ600 ዋት ፓወር ሰፕላይ መግጠም ብክነት ነው፤ አብዛኞቹ ፓወር ሰፕላዮች ጭነታቸው በጣም ሲያንስ ብቃታቸው ይወርዳልና። ማዘርቦርዱ የ12 ወይም የ19 ቮልት አዳፕተር በቀጥታ የሚቀበል ከሆነ ከሁሉ የተሻለው እሱ ነው።

ዲስክና ሌሎች ድምፆች

በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚዞር ሃርድ ዲስክ በሰከንድ 120 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው፤ ስለዚህ ኬዙን በ120 ኸርዝ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጠረጴዛውም እንደ ከበሮ ተቀብሎ ያጎላዋል። ሲስተሙን በኤስኤስዲ (የሚዞር አካል በሌለው ዲስክ) ላይ ያድርጉት፤ ብዙ ፋይል ለማስቀመጥ ሃርድ ዲስክ የግድ ከሆነ በላስቲክ ላይ ያሳርፉት ወይም ማሽኑን ሰው ከማይተኛበት ክፍል ያኑሩት። ኤስኤስዲ ሲመርጡ ኤም.2 የሚባለው ማስገቢያ ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች ሊናገር እንደሚችል ይወቁ፤ አንዱ ኤንቪኤምኢ ሌላው ሳታ ነው፤ መልካቸው ተቀራራቢ ሆኖ የማይግባቡበት ጊዜ አለ። ፋን ሳይኖር ከኤሌክትሪክ ክፍሎች የሚወጣ ቀጭን ፉጨትም አለ፤ ይህን በመግለጫ ወረቀት ማወቅ ስለማይቻል የመመለሻ ጊዜ ከሚሰጥ ሻጭ መግዛት ነው መፍትሔው።

ሊኑክስ የሚያውቀው ቺፑን ነው

«ይህ ኮምፒውተር ከሊኑክስ ጋር ይሠራል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው በሳጥኑ ላይ ካለው ስም ሳይሆን በውስጡ ካሉት ቺፖች ነው። አንድ ሻጭ በአንድ ስም የሚሸጠው ሞዴል ዘንድሮ በአንድ የዋይፋይ ካርድ፣ በሚቀጥለው ጊዜ በሌላ ሊመጣ ይችላል። የሚታየው እንዲህ ነው፦ ሊኑክስን ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጭኑ ከፍላሽ አስነስተው ተርሚናል (የትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ላይ ኤልኤስፒሲአይ የሚለውን ትእዛዝ ከ«ኬ» አማራጭ ጋር (lspci -k) ሲጽፉ፣ በዩኤስቢ ከተሰኩት በቀር፣ የውስጥ ክፍሎቹ ከነስማቸው ይዘረዘራሉ፤ ከእያንዳንዱም ሥር የትኛው የከርነል (የሊኑክስ እምብርት) ድራይቨር፣ ማለትም ክፍሉን የሚያሠራው ፕሮግራም፣ እንደያዘው ይጻፋል። ድራይቨር ያልተጻፈለት መስመር ካለ ችግር ከዚያ ሊነሣ ይችላል።

ለግራፊክስ ኢንቴልና ኤኤምዲ ድራይቨራቸው ከርነሉ ውስጥ ስላለ የሚጨነቁበት ነገር ጥቂት ነው፤ ለትንሽ ጸጥተኛ ማሽን ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ግራፊክስ ይበቃል፣ የተለየ ካርድ ሙቀትና ፋን ብቻ ነው የሚጨምረው። በኬብል ለሚገናኝ ኔትወርክ የኢንቴልም የሪልቴክም ቺፖች ይሠራሉ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ዋይፋይ ነው፤ በተለይም በዩኤስቢ የሚሰኩት ትንንሽ ዕቃዎች፣ ድራይቨራቸው ከከርነሉ ውጭ ከሆነ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ሊቋረጡ ይችላሉ። ካርዱን ለመቀየር ከወሰኑ ቁጥሩን በደንብ ያንብቡ፦ የኢንቴል ኤኤክስ210 በማንኛውም ተስማሚ ማስገቢያ ላይ ይሠራል፤ በአንድ ቁጥር ብቻ የሚለየው ኤኤክስ211 ግን ግማሽ ሥራውን ለኢንቴል ፕሮሰሰር ስለሚተው በኤኤምዲ ማሽን ላይ ጨርሶ አይነቃም።

አዲስ የወጣ ቺፕና የቆየ ከርነል አይስማሙም። ዴቢያን ስቴብልን፣ ከርነሉ ለረጅም ጊዜ የማይለወጠውን የሊኑክስ ዓይነት፣ የሚወዱ ሰዎች አንድ ወይም ሁለት ዓመት ያለፈውን ሃርድዌር ቢመርጡ ሰላም ያገኛሉ፤ ትኩስ ሃርድዌር የገዛ ሰው ደግሞ እንደ ፌዶራ ያለ ከርነሉን ቶሎ ቶሎ የሚያድስ ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) ይያዝ።

ራምን በተመለከተ 8 ጊጋባይት ለቀላል ሰርቨር ይበቃል፣ ለጠረጴዛ ሥራ ግን 16 ይሻላል። በማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ራም በኋላ እንደማይጨመር፣ ኤን100ም የሚሠራው በአንድ የራም መስመር ብቻ እንደሆነ ያስታውሱ፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው የሚበቃውን ይግዙ። ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለው ባለ አንድ ሰሌዳ ትንሽ ኮምፒውተር ሥራ ፈትቶ የሚወስደው ዋት ጥቂት ስለሆነ ለአነስተኛ ሥራ መልካም ነው፤ ሲስተሙን ግን በማይክሮ ኤስዲ ካርድ ላይ ለዓመታት አይተዉት፣ ካርዱ በብዙ ጽሕፈት ይደክማል። ፓይ 5 ሙሉ ኃይሉን ለመስጠት የ5 ቮልት 5 አምፔር አዳፕተር እንደሚፈልግም አይዘንጉ።

ማሽኑ እጅዎ ሲገባ በመመለሻው ጊዜ ውስጥ ይፈትኑት። ስትረስ-ኤንጂ (stress-ng) በሚባለው ፕሮግራም ሁሉንም ኮሮች ለ30 ደቂቃ ያስጨንቁ፣ በሌላ መስኮት ሴንሰርስ (sensors) በሚለው ትእዛዝ ሙቀቱን ይከታተሉ። ብዙ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለመጠበቅ ፍጥነታቸውን ስለሚቀንሱ፣ ሙቀቱ ከ85 ሳያልፍ ከተረጋጋ ማቀዝቀዣው በቂ ነው። ከዚያ በሚኖርበት ቦታ ያስቀምጡትና ፈተናውን ይድገሙ፤ ክፍት ጠረጴዛ ላይ 70 ዲግሪ የነበረው ማሽን በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ ሌላ ነው። ፋን የሌለው ከሆነ ሞቃት አየር በክንፎቹ መካከል ወደ ላይ እንዲወጣ ክንፎቹ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ አድርገው ያስቀምጡት፣ በላዩም ሞደም ወይም መጽሐፍ አይደራርቡበት። ሰርቨር ከሆነ ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ ባዮስ ውስጥ ያስተካክሉና ገመዱን አንድ ጊዜ ነቅለው በመሰካት ይሞክሩት።